ላንድሮቨሯን ማን ቀባት?

«እኔ ብቀባት ኖሮ እንዲህ ትንጠባጠብ ነበር? ኧረ እናንተ ሰዎች! ሰው ገደልክ በሉኝ፣ እሺ። ይቺን ቀባህ ግን አትበሉኝ!»

«ሰው ገደልክ ማን አለህ? ሰውየው ገና አልሞተም» አለው ሳጅኑ ቀቢውን።

«ይሁና! እሱን በሉኝ! ይቺን ግን... ኑ እስቲ እዩዋት። ይሄ የኋላ ጎኗ ምንድነው? ሻማ ነው እንዴ የቀለጠባት? ደግሞ ሳትፋቅ ነው የተቀባችው። ዝገቱ ላይ! ዕድሜዬን ሙሉ መኪና ስቀባ ኖሬ በዚህ ልታሰር?»

ኢንስፔክተሯ በመሃላቸው አልፋ ጋራዡ ውስጥ ገባች። ዓይኗ የሚቀመጡበት ነገር እየፈለገ ነበር። ሌላው መርማሪ ወንጀል ቦታ ሲገባ ደም ይፈልጋል፣ የጣት አሻራ ይፈልጋል፤ እሷ ወንበር ነው የምትፈልገው። ጫማዋ አዲስ ነው፣ ተረከዟን በልቶ ጨርሶታል። ሌሊቱን ደግሞ የጎረቤት ውሻ ሲጮህባት ነው ያደረው። መጨረሻ ላይ የተገለበጠ ባልዲ አገኘችና ቁጭ አለችበት። ባልዲው አቃሰተ፤ እሷም አብራው።

«ቀጥሉ» አለች። «እየሰማሁ ነው።»

የምትሰማው ነገር ይሄ ነው። ግቢው የአንድ ጡረተኛ ቀያሽ ግቢ ነው፤ ዕድሜውን መሬት ሲለካ የኖረ ሰው። ከፊት፣ መንገዱ ዳር፣ ልጁ መኪና የሚቀባበት ሱቅ አለ። ከኋላ ደግሞ ይሄ ጋራዥ። ጋራዡ ውስጥ አባትየው በየበረሃው ሲዞርባት የነበረች አሮጌ ላንድሮቨር ቆማለች። እስከ ትናንት ድረስ ቀለሟ የደረቀ ቅጠል ነበር የሚመስለው፤ የለቀቀ፣ የተፋቀ፣ ቦታ ቦታ የዛገ። ዛሬ ጠዋት በቀቀን ሆና ተገኘች። አረንጓዴ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ቢነኩት እጅ ላይ የሚቀር። ደጃፉ ላይ ደግሞ ዘበኛው ወድቆ ተገኘ፤ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ፣ ራሱን ስቶ።

ዘበኛው «ጄኔራሉ» ነው የሚባለው። በወታደር ቤት ደጅ እንኳ አልፎ አያውቅም። ግን የሚገባውንም የሚወጣውንም፣ ቆሻሻ የሚወስደውን ሰውዬ ሳይቀር፣ ቀጥ ብሎ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ነው የሚቀበለው። በዚያ ላይ ሽማግሌ ነው። ማን ጨክኖ ይመታዋል?

«ነገሩ ግልጽ ነው ኢንስፔክተር» አለ ሳጅኑ። ሳጅኑ ነገር ያልገለጸለት ቀን የለም። «አባትየው መኪናዋን ሊሸጡ ነው። ገዢው አሮጌ መኪና የሚሰበስብ ሀብታም ነው። ያቀረበው ዋጋ ይሄን ግቢ ከነቤቱ ይገዛል። አንድ ነገር ብቻ ነው ያስጠነቀቀው፤ እንዳትነኳት፣ እንዳታጥቧት እንኳ። ዋጋው ያለው አሮጌው ቀለም ላይ ነው። ልጁ ደግሞ አትሸጥም ባይ ነው። ትናንት አባቱ ላይ ሲጮህ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶታል። ምን ነበር ያልከው?»

ልጁ ጣሪያውን አየ።

«ምን ነበር ያልከው?»

«ከምትሸጣት እኔ ራሴ ባጠፋት ይሻላል አልኩ። በንዴት ነው! በዚቺ መኪና ነው መንዳት የተማርኩት።»

«ይኸው፣ አጠፋት! ቀለም ደፍቶባት ዋጋዋን ገደለው። ዘበኛው ደረሰበት፣ ገፈተረው፣ ሰውየው ሄዶ የበሩ ብረት ላይ አረፈ። የቀለም መርጫው የዚህ፣ ኮምፕሬሰሩ የዚህ፣ ቀለሙ የዚህ። እጁን በላስቲክ ከረጢት ሸፍኖ ነበር፣ ያው መርጫው አጠገብ ጥሎታል፤ አሻራ እንዳይገኝበት። ወለሉንም እይው፤ ደሙን ለማጠብ ውሃ ደፍቶበታል።»

«ደም ማጠብ አይደለም!» ልጁ ፈነዳ። «ቀቢ ሲቀባ ወለሉን ያረጥባል! አቧራ ተነስቶ እርጥብ ቀለም ላይ እንዳያርፍ ነው። ይሄን የማያውቅ ቀቢ የለም!»

ሳጅኑ ፈገግ አለ። ልጁ የገዛ አፉ ያወጣውን ዘግይቶ ሰማው።

«ለካ ቀቢ ነው የቀባት» አለች ኢንስፔክተሯ ተረከዟን እያሸች። «ሌሊቱን የት ነበርክ?»

«ቤቴ ተኝቼ።»

«ከማን ጋር?»

«ከትራሴ ጋር።»

«ትራስ ምስክር አይሆንም። ጠዋት ያገኘውስ ማነው?»

«እኔው። ሱቅ ልከፍት ስመጣ። አምቡላንስም የጠራሁት እኔ ነኝ።» ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረ። «ኢንስፔክተር፣ ጄኔራሉ እኮ ነው ያሳደገኝ። እሱን ከምመታ እጄ ቢቆረጥ ይሻለኛል።»

«ሁሉም እንደዛ ነው የሚሉት» አለ ሳጅኑና እጁን ካቴና ውስጥ አስገባው። ለመቆረጥ የቀረበውን እጅ ማለቴ ነው።

እነሱ ሲወጡ ኢንስፔክተሯ ላንድሮቨሯን አንዴ ዞረቻት። መስታወቶቹና ጎማዎቹ በጋዜጣ ተሸፍነዋል፣ ዳር ዳሩ በወረቀት ፕላስተር ተይዟል። ግራ በሩ ላይ ደግሞ የካርቶን ቁራጭ ተለጥፏል። ገለጥ አደረገችው። ከሥሩ በእጅ የተጻፈ፣ የደበዘዘ ነጭ ጽሑፍ አለ፤ «ቅየሳ ክፍል» ይላል። ዙሪያው በቀቀን፣ መሃሉ ያ የደረቀ ቅጠል። ከመኪናዋ አሮጌ ቀለም የተረፈው ያቺ ብቻ ናት።

መኪና ሊያጠፋ የመጣ ሰው ይሄን ምን ብሎ ሸፈነው? በሩ ላይ ቆሞ ለሚጠብቃት ሳጅን ይሄንኑ ጠየቀችው።

«ልምድ ነዋ» አለ ሳጅኑ። «የቀቢ እጅ በራሱ ነው የሚሄደው።»

ለሁሉም ነገር መልስ አለው። እሷን የሚያደክማት ይሄ ነው።

*

ሆስፒታል ውስጥ ወንበር ሞልቷል፤ ሁሉም ላይ ሰው ተቀምጦበታል። ኢንስፔክተሯ ግድግዳ ተደግፋ ነርሷን አነጋገረቻት። ነርሷም ሌላኛውን ግድግዳ ተደግፋለች። ሁለት የደከሙ ሴቶች፣ መሃላቸው አንድ ኮሪደር።

«ይነቃል?»

«እኔን ነው የምትጠይቂኝ? ዶክተሩ እንጠብቅ ብሏል፣ እየጠበቅን ነው። ጭንቅላቱ ብቻ ቢሆን ደህና ነበር። ሳንባውም አስቸግሮናል፣ ኦክስጅን ላይ ነው። ከአፍንጫው የሚወጣው አረንጓዴ ነው። ኢንፌክሽን ይሆናል ብለን መድኃኒት ጀምረንለታል።»

«ከሞተስ?»

«ከሞተ ይደወልልሻል።»

የደወለው ግን አለቃዋ ነው። አለቃዋ ስልክ ሲያወራ ከስልኩ ራቅ ብላችሁም ትሰሙታላችሁ።

«ገዢው ትልቅ ሰው ነው፣ ጠዋት ቢሮዬ መጥቶ ጮኾብኛል! ልጁ ዛሬ ሳይመሽ ቃሉን ይስጥና ፋይሉ ይዘጋ። ዘበኛው ከሞተ ደግሞ ክሱ ግድያ ነው፣ ልጁ እስር ቤት ይሸብታል። ምን ያንቀረፍፍሻል?»

«ልጁ ለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም ጌታዬ።»

«አንቺ መቼ ነው እርግጠኛ ሆነሽ የምታውቂው?»

«ድሮ፣ ሳልደክም።»

ስልኩን ዘጋባት። መስኮቱ ውስጥ አሾልካ ጄኔራሉን አየችው። ጥርት ያለ አንሶላ ውስጥ ገብቶ ትንሽ ልጅ አክሏል። እጁ ብቻ ነው ትልቅ።

*

አባትየው ሳሎን ውስጥ መስኮት ሥር ተቀምጠው ጠበቋት። ዓይናቸው ደክሟል፤ ድሮ ተራራ ከተራራ የሚለካ ዓይን ዛሬ የሻይ ብርጭቆውን በእጅ እየዳበሰ ነው የሚያገኘው። ለኢንስፔክተሯ የተሰጣት ወንበር ደግሞ ስፖንጁ ወጥቶ ብረቱ ቀርቷል።

«ተርፏል?» አሉ ገና ሳትቀመጥ። ስለ መኪናዋ አልጠየቁም።

«እስካሁን አለ።»

«ልጄን ወሰዳችሁት።»

«አዎ አባት። ሲጮህ ሰምተውታል?»

«ሰምቼዋለሁ። እሱ ሲናደድ ይጮሃል፣ ሳህን ይሰብራል፣ ከዚያ ሳህን ገዝቶ ይመጣል። የዚህ ቤት ሳህን ሁሉ አዲስ ነው፣ ገብተሽ እይ። ሰው ግን አይመታም። ጄኔራሉን? ኧረ በስመ አብ!»

«ጄኔራሉ ከመቼ ጀምሮ ነው ከእርስዎ ጋር ያለው?»

«ከጉርምስናችን። እኔ በመለኪያው መነጽር ሳይ እሱ ነበር ዘንጉን የሚይዝልኝ። ገደሉ አፍ ላይ ቁም ስለው ይቆማል፤ ወንዙ ውስጥ ግባ ስለው ይገባል። ማታ ማታ መኪናዋ ውስጥ ነበር የምናድረው፤ እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ።» ብርጭቆውን አስቀመጡ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ለማንም አትናገሪ። የመኪናዋ ግማሽ ዋጋ የእሱ ነበር።»

«ያውቃል?»

«አያውቅም። ገንዘቡ ሳይገባ ተስፋ ሰጥቼው ቢቀርስ? ጉልበቱ አልቋል፤ ሌሊት ሲያነክስ እሰማዋለሁ። ቁጭ ብሎ ይብላ ብዬ እኮ ነው የምሸጣት። ልጄ ታዲያ ለራሴ የምሸጣት መስሎት ይጮህብኛል። ለእሱም አልነገርኩትም። ለማን ነገርኩ እኔ?»

ኢንስፔክተሯ ከወንበሩ ብረት ላይ ተነሳች። ዕቃ ሲጠፋ ሌባ ይፈለጋል። ሳይናገሩ የዋሉት ነገር ሲያጠፋ ማን ይታሰራል?

*

የጎረቤት ሴትዮ ትናንት ሲመሻሽ አንድ ሰው ግቢው አጥር ሥር ሲያንዣብብ አይታለች። ሰውየው ሽያጩን ያመጣው ደላላ ነው፤ ሰፈሩ «ምላስ» ነው የሚለው። ሻይ ቤት ውስጥ ተገኘ፤ ሁለት ስልክ በሁለት ጆሮ ይዞ፣ በአንዱ ለገዢ እየማለ፣ በሌላው ለሻጭ እየማለ።

«አጥር ሥር ምን ትሠራ ነበር?» አለችው እየተቀመጠች። ጎሽ፣ ይሄኛው ወንበር ደህና ነው።

«ፎቶ ነዋ የኔ እመቤት! መኪናዋን ለሌላ ገዢ ላሳይ ብዬ። ፉክክር ካለ ዋጋ ይጨምራል። ግን ጄኔራሉ አላስገባኝም፣ ሰላምታ ሰጥቶ በሩን ዘጋብኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አማቴ ቤት ሄድኩ። እዚያው አደርኩ። ይደወልላት።»

ተደወለላት። «አዎ፣ እዚህ ነው ያደረው» አለች አማትየዋ። «በላ፣ አወራ፣ አንኮራፋ። ወንጀል ሠርቶ ከሆነ ግን እኔ ምስክርነቴን መተው እችላለሁ።»

ደላላው ላቡን ጠረገ። «ኢንስፔክተር፣ እኔ ያቺን መኪና ላጠፋ? ኮሚሽኔ እኮ ናት! ዛሬ ጠዋት ሳያት ቀለሙ የተረጨው ዓይኔ ላይ ነው የመሰለኝ።»

«እንዳትነካ ብለህ ለማን ለማን ነው የተናገርከው?»

«ለአባትየውና ለልጁ። ሳሎን ቁጭ ብለን፣ ደጋግሜ ነው የነገርኳቸው። አቧራዋን እንኳ እንዳትጠርጉ ነው ያልኩት።»

«ሌላ ሰው አልነበረም?»

«ማንም። ጄኔራሉ ሻይ አምጥቶ ወጣ እንጂ።»

«ለእሱስ አልነገርከውም?»

«ለዘበኛ?» ደላላው ሳቀ። «ለዘበኛ ስለ መኪና ዋጋ ምን ብዬ ነው የማወራው?»

ኢንስፔክተሯ ሻይዋን ጠጣች። ቀዝቅዟል። የሆነ ነገር ጭንቅላቷ ውስጥ ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ልትከተለው አስባ ደከማት።

*

ሰብሳቢው ያረፈበት ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ያሉት ሶፋዎች ሰው የሚውጡ ናቸው። ኢንስፔክተሯ ገባችበት፤ ለመውጣት እርዳታ እንደሚያስፈልጋት ገና ስትቀመጥ ገባት። ሰብሳቢው ሻንጣውን አስሮ ፊቷ ቆሟል። ሱፍ ለብሷል፣ ዓይኑ ግን ቀልቷል። አልቅሷል እንዳትሉኝ። አልቅሷል።

«ዋጋ ለማስቀነስ እርስዎ ያስቀቧት ከሆነስ?» አለችው በቀጥታ።

«እኔ?» እንደ ስድብ ቆጠረው። «ዋጋ ማስቀነስ ብፈልግ መብራቷን አስፈታ ነበር። መብራት ይገዛል። ቀለም ግን አይመለስም! ደግሞ ሌሊቱን መንገድ ላይ ነበርኩ፤ እዚህ የደረስኩት ፀሐይ ከወጣ ነው። እንግዳ ተቀባይዋን ይጠይቁ።»

ተጠየቀች፤ እውነቱን ነው።

«አንድ ነገር ያስረዱኝ» አለች ኢንስፔክተሯ። «እኔ ደመወዝተኛ ነኝ። አዲስ መኪና እያለ ለተፋቀ ብረት ያን ያህል ለምን ይከፈላል?»

ሰውየው ስልኩን አወጣ። ሁለት ፎቶ አሳያት። ሁለት ላንድሮቨሮች፣ በአንድ ዓመት የተሠሩ። አንዷ እንደ መስታወት ታበራለች። አንዷ ከቁፋሮ የወጣች ነው የምትመስለው።

«በዋጋ የትኛዋ ትወደዳለች?»

ጣቷ ሳታስበው የምታበራዋ ላይ አረፈ።

«ሁሉም ሰው እሷን ነው የሚጠቁመው» አለ ሰውየው በሀዘን። «ይቺ የታደሰች ናት። ገንዘብ ያለው ሰው በፈለገው ቀን ያሳድሳል፤ ገበያው በእነሱ ዓይነት ተጨናንቋል። ይቺኛዋ ግን ያልተነካች ናት። ሞተሯ አብሯት የተወለደ፣ ቁጥሩ ከሻንሲዋ ቁጥር ጋር የሚገጥም። ቀለሟን ፀሐይ ነው የበላው፣ ጭረቷን ወንዝ ውስጥ ያለ ድንጋይ ነው የጫረው። ዝገቷ የራሷ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ያገለገለችው አንድ ጌታ ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነቷ ከየት ትገኛለች? የቀያሹ መኪና እንደዚች ነበረች። መጀመሪያ ያየኋት ቀን ልቀመጥባት እንኳ ፈራሁ።»

«አሁንስ?»

«አሁን?» ሻንጣውን አነሳ። «አሁን የምትሄድ አሮጌ መኪና ናት። ድንች ለመጫን ጥሩ ናት።»

ሄደ። ኢንስፔክተሯን ከሶፋው ያወጣት አስተናጋጁ ነው።

*

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ጋራዡ ውስጥ በበሩ በኩል ትገባለች። ኢንስፔክተሯ ብቻዋን ተመልሳ መጣችና ያው ባልዲዋ ላይ ተቀመጠች። ጫማዋን አወለቀች። ባዶ እግሯን ቀዝቃዛው ወለል ላይ ስታሳርፈው የዛሬ ቀን የመጀመሪያው ደስታ ተሰማት።

ቀኑን ሙሉ ጠይቃ ያገኘችውን ደረደረችው። ልጁ ቀለሙ ዋጋ እንደሆነ ያውቃል። አባትየው ያውቃሉ። ምላስ ያውቃል። ሰብሳቢውማ ያለቅሳል። ታዲያ ዋጋዋን ሊገድል የመጣ ሰው መስታወት በጋዜጣ ይሸፍናል? ጎማ ይሸፍናል? ባልዲ ሙሉ ቀለም መድፋት እያለለት፣ ያቺን የእጅ ጽሑፍ በካርቶን ያድናታል?

ይሄ ጥላቻ አይደለም። ይሄ ልጅ ለፎቶ የሚያሰናዳ ሰው ሥራ ነው።

የማንን ጣት ነው የምፈልገው? አለች ለራሷ። የምታበራዋ ላይ የሚያርፈውን ጣት። ማንም ምንም ያልነገረውን ሰው።

ተነስታ ቀለሙን ከፊት ጀምራ ተከተለችው። ኮፈኑ ላይ ቆንጆ ነው፤ ቀስ ተብሎ፣ ወዲያና ወዲህ፣ ቀጥ ያለ። የፊት በሩም ደህና ነው። ከኋላ በሩ ጀምሮ ግን እጁ መወላገድ ጀመረ። አንዱ ቦታ ይወፍራል፣ አንዱ ቦታ ይዘላል። የኋላ ጎኗ ላይ ልጁ የሰደበው መንጠባጠብ ነው፤ ሰውየው አንድ ቦታ ቆሞ ቀርቶ ሲረጭ። ከዚያ የቀለሙ መስመር ጎኗን ትቶ ወረደ፣ ወለሉ ላይ ሄደ፣ ወደ በሩ ዞረ፣ መርጫው የወደቀበት ጋ ቆመ። ከዚያ በኋላ ያለው ደጃፉና የበሩ ብረት ብቻ ነው።

መስኮቱን አየች። በላስቲክ ተሸፍኗል። በሩን አየች። ሥሩ በጨርቅ ተወትፎ እንደነበር ያስታውቃል፤ ጨርቁ ያለው ከውስጥ በኩል ነው።

በሬሳ ላይ የሞት መንገድ እንደሚነበብ፣ መኪናዋ ላይ የአንድ ሰው ራስ መሳት ከፊት እስከ ኋላ ተጽፏል። በሩን ዘግቶ፣ ያን ሁሉ ቀለም የሚያቀጥኑበትን ቲነር እየተነፈሰ ቀባ። ራሱ ዞረበት። አየር ፍለጋ ወጣ። ወደቀ። የመታው ሰው የለም።

ባዶ እግሯን እንደቆመች ሆስፒታል ደወለች።

«አልሞተም» አለች ነርሷ ገና ስታነሳ። «እንዲያውም ነቅቷል፣ ገና አሁን። ለዶክተሩ ሰላምታ ሰጥቶታል።»

«እሱን አይደለም። ከአፍንጫው የሚወጣው አረንጓዴ ነው አላልሽኝም?»

«አዎ።»

«ምን ዓይነት አረንጓዴ?»

ነርሷ ትንሽ አሰበች። «አሁን ስትጠይቂኝ... ንፍጥ አይመስልም። ያበራል። በቀቀን ነገር።»

«መድኃኒቱን ዶክተሩ እንደገና ይየው። ኢንፌክሽን ሳይሆን መኪና ነው።»

ቀጥላ ሳጅኑ ጋ ደወለች። «ልጁን ይዘኸው ሆስፒታል ና። ካቴናውን ፍታለት። አባትየውንም በመንገድህ ጫናቸው።»

«ግን ኢንስፔክተር፣ ነገሩ ግልጽ...»

«ሳጅን፣ የደከመው ሰው ትእዛዝ አንዴ ነው የሚሰማው።»

*

ክፍሉ ውስጥ አንድ ወንበር ነው ያለው። አባትየው ተቀመጡበት። ኢንስፔክተሯ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ምን ይሆናል። ልጁ እግርጌ ቆሞ አልጋውን በሁለት እጁ ይዟል። ጄኔራሉ ጭንቅላቱ ተጠቅልሎ፣ አፍንጫው ላይ ቱቦ ተሰክቶ ሁሉንም አያቸው። እጁን ወደ ግንባሩ ሊያነሳ ሞከረ፤ ነርሷ ያዘችው።

«አባት» አለችው ኢንስፔክተሯ ጄኔራሉን፣ «ላንድሮቨሯን እርስዎ ነዎት የቀቧት?»

«እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ እንደ ዝገት ይፋቃል። «ማሙሽ፣ መርጫህን ሳልጠይቅ ወሰድኩ። ይቅርታ አድርግልኝ። ቁልፉ እኔ ጋ ስላለ ነው።»

«አይ ጋሼ!» አለ ልጁ።

«ሱቅህ በር ላይ ቁጭ ብዬ ስትቀባ ሳይ ነው የኖርኩት። ወለል አረጠብኩ። መስታወት ሸፈንኩ። እጄን በላስቲክ አሰርኩ። ጥሩ ነው?»

ልጁ የኋላ ጎኗን አስታወሰ። የተንጠባጠበውን።

«ጥሩ ነው ጋሼ። ኮፈኑ ላይማ ከእኔ ትበልጣለህ።»

ሳጅኑ በሩ ጋ ቆሞ ጫማውን አየ። ገና ዛሬ ጠዋት ያንን እጅ ካቴና ውስጥ ያስገባው እሱ ነው።

«በሩን ምነው ዘጉት?» አለች ኢንስፔክተሯ። «እንዲህ ባለው ቲነር በዝግ ቤት ሰው ይሞታል እኮ።»

«ሽታውና የኮምፕሬሰሩ ጩኸት አለቃዬን እንዳይቀሰቅሳቸው ነዋ። እንቅልፋቸው ቀላል ነው።» ወደ አባትየው ዞረ። «ጽሑፏን አልነካሁም። ወንዙ ዳር ቆመው በእጅዎ የጻፏትን። ሸፈንኳት።»

አባትየው እጃቸውን ዘርግተው እየዳበሱ እጁን ፈለጉት፣ አገኙት።

«ሰው ሲመጣባት እንደዛ ቆሽሻ እንዳትገኝ ብዬ ነው» አለ ጄኔራሉ። «ስንት አገር አዙራን፣ ስንት ወንዝ አሻግራን፣ እንደ ቆራሌ ዕቃ ስትታይ ልቤ እሺ አላለም። ገዢው መጣ?»

«መጣ» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ስንት ጨመረ?»

ነርሷ ቱቦውን ማስተካከል ጀመረች፤ ቱቦው ምንም አልሆነም ነበር። አባትየው አንገታቸውን ደፉ። ኢንስፔክተሯ ስንት ነፍሰ ገዳይ አፋጥጣለች፤ ይሄን ጥያቄ ግን ለሌላ ሰው ተወችው። ልጁን አየችው። ልጁ አልጋው ላይ ጎንበስ አለ።

«ጋሼ... ሰውየው ትቷት ሄደ። እሱ የሚፈልገው አሮጌውን ቀለም ነበር። ያልተነካውን። የአንተ ጥፋት አይደለም፤ ለአንተ የነገረህ የለም። እኛ ነን ያልነገርንህ።»

ጄኔራሉ ዓይኑን ከአንዱ ወደ አንዱ አዞረው፤ የሚቀልዱበት መስሎት።

«ቆይ እስቲ። ለዝገቱ ነው ያን ሁሉ ብር ሊከፍል የነበረው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ፀሐይ ለበላው? ለተፋቀው? አንድም ቀን ላልታደሰው?»

«አዎ።»

«አንድ ጌታ ብቻ ላገለገለው?»

«አዎ ጋሼ፣ ለእሱ።»

«ታዲያ እኔን ለምን አይገዛኝም?»